የደም ምርመራና የማኅፀን በር ካንሰር፦ ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናዎ እንዲያስቡ እንጠይቅዎታለን። ታሪኩ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ነገር ግን በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ ወይም በያዮ ለሚኖር ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

እኚህ እናት ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ አምስት ይጠጋል። ከቡና ማሳቸው በሚያገኙት ገቢ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። የሰፈሩ ሰው «አዴ» እያለ ያከብራቸዋል። የወር አበባቸው ከቆመ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እንደገና ደም ማየት ጀምረዋል። መጀመሪያ አፍረው ለማንም አልተናገሩም። ቆይተው አዲስ አበባ ለምትኖረው ልጃቸው በስልክ ነገሯት። ልጅቱም ደንግጣ ገንዘብ ላከችና «እማዬ፣ ቶሎ ብለሽ የካንሰር የደም ምርመራ አድርጊ» አለቻቸው። እናቲቱ ደም ሰጡ። ውጤቱ «ሲ ኤ 125፦ 18» ይላል፤ ከጎኑም መደበኛው መጠን ከ35 በታች እንደሆነ ተጽፏል። ቤተሰቡ ሁሉ «ተመስገን፣ ካንሰር አይደለም» ብሎ እፎይ አለ። ደሙ ግን አልቆመም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ክፉ አላሰበም። ልጅቱ እናቷን ስለምትወድ ገንዘብ ላከች። ላብራቶሪውም ቁጥሩን በትክክል ለካ። ችግሩ ያ ቁጥር «ካንሰር አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ጥያቄ የመመለስ አቅም የሌለው መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው። የማኅፀን በር ካንሰር በደም ጠቋሚ አይታወቅም፤ የሚታወቀው የማኅፀን በርን በማየትና ከዚያ ላይ ናሙና በመውሰድ ነው። የደም ጠቋሚ የራሱ ጥቅም አለው፤ የሚጠቅመው ግን ካንሰሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በሕክምናው ጊዜና ከሕክምናው በኋላ ባለው ክትትል ነው።

ስለ በሽታው በአጭሩ

የማኅፀን በር ማለት የማኅፀን የታችኛው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ማኅፀንን ከብልት ጋር የሚያገናኝ ነው። በዚህ ቦታ የሚነሣው ካንሰር መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) የተባለ ቫይረስ ነው። ይህን ግንኙነት ያሳዩት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን ሲሆኑ፣ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ከቫይረሱ ብዙ ዓይነቶች መካከል 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከማኅፀን በር ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ።

ቫይረሱ በጣም የተለመደ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ አብዛኞቹ ሴቶችና ወንዶች በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ይይዛቸዋል፤ በአብዛኛውም ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። በጥቂት ሴቶች ላይ ግን ሳይወጣ ይቆይና የማኅፀን በር ሴሎችን ቀስ በቀስ ይለውጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዚህ ለውጥ እስከ ካንሰር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የሰውነት መከላከያ አቅማቸው በደከመ፣ ለምሳሌ ያልታከመ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሴቶች ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊፈጅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 660,000 የሚጠጉ ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ ወደ 350,000 የሚጠጉት ደግሞ ሞተዋል። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ይህ ነው። ለ2020 በወጣው ግምት መሠረት በአገራችን በአንድ ዓመት ከ7,400 በላይ ሴቶች ታመዋል፤ ከ5,300 በላይ ሞተዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ጠባብ ልዩነት ልብ ይበሉ። ይህ በሽታ ቀድሞ ሲገኝ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ሕክምና ጋ ዘግይተው ስለሚደርሱ ነው። ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ስፍራውን ያልጠበቀ የደም ምርመራ ነው።

የካንሰር ጠቋሚ ምንድን ነው?

በተለምዶ «ቱመር ማርከር» የሚባለው የካንሰር ጠቋሚ፣ የካንሰር ሴሎች የሚሠሩትና ወደ ደም የሚለቁት ንጥረ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን ነው። ላብራቶሪው ከክንድ በተወሰደ ጥቂት ደም ውስጥ ያለውን መጠን ይለካና በቁጥር ያስቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እነዚህን ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት የካንሰር ሴሎች ብቻ አይደሉም፤ ጤነኛ ሴሎችም በመጠኑ ይሠሯቸዋል። ሁለተኛ፣ ዕጢው ገና ትንሽ ሲሆን ወደ ደም የሚለቀው መጠን ከጤነኛው ሰው የማይለይ ሊሆን ይችላል። ወንዝ ዳር ሆነን ውኃው ደፍርሶ ስናይ ላይኛው አገር ዘንቧል እንላለን። ይሁን እንጂ ከብት ተሻግሮበትም ሊደፈርስ ይችላል። ጥቂት ካፊያ ከሆነ ደግሞ እንደ ሶር ያለውን ትልቅ ወንዝ አያደፈርሰውም። የካንሰር ጠቋሚም እንዲሁ ነው።

ከማኅፀን በር ካንሰር ጋር የሚነሡት ጠቋሚዎች

1. ኤስ ሲ ሲ አንቲጅን። ለዚህ ካንሰር ዋነኛው ጠቋሚ ይህ ነው። ካቶና ቶሪጎኤ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳወቁት ሲሆን፣ መጀመሪያ የተገኘውም ከማኅፀን በር ካንሰር ናሙና ነው። የማኅፀን በር ካንሰር በአብዛኛው የሚነሣው ከላይ እንደ ሽፋን ሆነው ከሚያገለግሉት ስኩዌመስ ከተባሉ ሴሎች ነው፤ ጠቋሚውም የእነዚህ ሴሎች ውጤት ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች 1.5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወይም ለዚያ የቀረበ ቁጥርን እንደ ወሰን ይጠቀማሉ።

2. ሲ ኤ 125። ሮበርት ባስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳወቁት ይህ ጠቋሚ በዋናነት የሚያገለግለው ለእንቁላል እጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ክትትል ነው። በማኅፀን በር ላይ ጠቀሜታ የሚኖረው ካንሰሩ አዴኖካርሲኖማ የተባለው፣ ማለትም ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሣው ዓይነት ሲሆን ነው። በዚያም ቢሆን በጥናቶች ውስጥ ከፍ ብሎ የተገኘው ከ20 እስከ 75 በመቶ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ነው። የተለመደው ወሰን 35 ነው። በታሪካችን ያሉት እናት የተለካላቸው ይህ ነበር፤ በብዛት ለሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ዓይነት ደግሞ ዋናው ጠቋሚ እንኳ አይደለም።

3. ሲ ኢ ኤ። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1965 የታወቀ የቆየ ጠቋሚ ነው። በይበልጥ የሚያገለግለው ለትልቁ አንጀት ካንሰር ክትትል ነው። በአዴኖካርሲኖማ ላይ ከሲ ኤ 125 ጋር አብሮ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ሲጋራ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል።

4. ሲፍራ 21-1። ይህ በይበልጥ ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚታወቅ ነው። በማኅፀን በር ካንሰር ላይም ተጠንቷል፤ ከኤስ ሲ ሲ ይበልጣል የሚያሰኝ ውጤት ግን አላሳየም።

ከእነዚህ ሌላ ከዕጢው ተነሥቶ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን የኤች ፒ ቪ ዘረ መል መለካት የሚቻልበት አዲስ መንገድ እየተጠና ነው። ተስፋ የተጣለበት ነው፤ ነገር ግን ገና በየሆስፒታሉ የሚሠራበት የዘወትር ምርመራ አልሆነም።

ካንሰሩን ለመለየት ለምን አይበቃም?

ዋናውን ጠቋሚ ኤስ ሲ ሲን እንውሰድ። በስኩዌመስ ካንሰር የተያዙ፣ ካንሰሩ ግን ገና በመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ያለ (ሐኪሞች 1ለ እና 2ሀ የሚሉት) 100 ሴቶች ደም ቢሰጡ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ የሚገኘው ከ24 እስከ 53 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ቀሪዎቹ፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት፣ ካንሰር እያለባቸው «መደበኛ» የሚል ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ካንሰሩ እየተስፋፋ ሲሄድ (ከ2ለ ጀምሮ) ከ75 እስከ 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከፍ ይላል። በዚያን ጊዜ ግን ሴቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ሐኪምም በምርመራ ዕጢውን በቀላሉ ሊያየው ይችላል። ባጭሩ፣ ጠቋሚው ብዙ የሚናገረው በጣም በምንፈልገው ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን የሴሎች ለውጥ ለማግኘትማ ጭራሽ አያገለግልም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ካንሰር በሌለበት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ኤስ ሲ ሲን የሚሠሩት ሴሎች በቆዳችንና በአፋችን ውስጥም ስላሉ፣ እንደ ሶርያሲስና ችፌ ያሉ የቆዳ ሕመሞች ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። የኩላሊት ድካም፣ አንዳንድ የሳንባና የጉበት ሕመሞችም እንዲሁ። ሌላው ቀርቶ ናሙናው በላብራቶሪ ውስጥ በላብ ወይም በምራቅ ቢነካካ የተሳሳተ ከፍተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሲ ኤ 125 ደግሞ በወር አበባ ጊዜ፣ በእርግዝና፣ በማኅፀን አካባቢ ቁስለት፣ በጉበት ሕመምና በሆድ ቲቢ ምክንያት ይጨምራል። ቲቢ ባለበት አገራችን ይህን መርሳት አይገባም። ከፍ ያለ ሲ ኤ 125 ይዛ የመጣች ሴት ሁሉ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። ዝቅ ያለ ቁጥር «ካንሰር የለም» ብሎ አያሰናብትም። ከፍ ያለ ቁጥርም «ካንሰር ነው» ብሎ አይፈርድም።

ታዲያ በትክክል የሚታወቀው እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ምልክት የሌላትንና ምልክት ያላትን ሴት መለየት ያስፈልጋል።

ምልክት የሌላት ሴት የምታደርገው ቅድመ ምርመራ ይባላል። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ይመከራል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ቀደም ብለው መጀመርና በአጭር ጊዜ ልዩነት መመርመር አለባቸው። በጤና ተቋሞቻችን በይበልጥ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ የማኅፀን በርን በመሣሪያ ከፍታ አይታ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ (በቤታችን ከምናውቀው አቼቶ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ) ትቀባዋለች። ጥቂት ጠብቃ ስታይ ቦታው ከነጣ የተለወጠ ሴል ሊኖር ይችላል። ለውጡ ለዚያ የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ (ክራዮቴራፒ) ወይም በሙቀት ሊታከም ይችላል። ኤች ፒ ቪን በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራም አለ፤ ናሙናው የሚወሰደው ከማኅፀን በር ወይም ከብልት እንጂ ከክንድ ደም አይደለም።

ምልክት ያላት ሴት ግን ቅድመ ምርመራ አይበቃትም። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ በሁለት የወር አበባ መካከል የሚመጣ ደም፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታይ ማንኛውም ደም፣ መጥፎ ጠረን ያለውና የማይቆም ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት፤ እነዚህ ሲኖሩ ሐኪም የማኅፀን በርን በዓይኑ ማየትና አጠራጣሪ ከሆነው ቦታ ትንሽ ቁራጭ (ባዮፕሲ) መውሰድ አለበት። ያ ቁራጭ በፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካንሰር መሆኑንና ዓይነቱን የሚያረጋግጠው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደተስፋፋ በምርመራ፣ በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን ወይም በኤም አር አይ ታይቶ ደረጃው ይወሰናል። የዓለም አቀፉ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን (ፊጎ) እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለው የደረጃ አወሳሰን ውስጥ የደም ጠቋሚ ቦታ የለውም።

ለኢሉባቦር ነዋሪ መንገዱ በአብዛኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ መቱ ወዳለው ካርል ሆስፒታል፣ እንዳስፈላጊነቱም በበደሌ በኩል ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የሚገኘው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን ጅማ ከአዲስ አበባ ውጭ ይህን አገልግሎት ከጀመሩት አንዱ ነው። ከመነሣትዎ በፊት ባዮፕሲ የት እንደሚወሰድና ውጤቱ በስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቁ። ለጠቋሚ ምርመራ ሊከፍሉት ያሰቡትን ገንዘብ ለዚህ ጉዞ ቢያውሉት ይሻላል።

ጠቋሚው በእርግጥ የሚጠቅመው የት ነው?

እስከ አሁን ያልነው ጠቋሚው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ካንሰሩ በባዮፕሲ ከተረጋገጠ በኋላ ሦስት ጥቅሞች አሉት።

የመጀመሪያው፣ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት መነሻ ቁጥር ይሰጣል። ዓይነቱ ስኩዌመስ ሆኖ ኤስ ሲ ሲ በጣም ከፍ ካለ፣ ዕጢው ትልቅ መሆኑን ወይም ወደ ንፍፊት መድረሱን ሊጠቁም ስለሚችል ሐኪሙ በይበልጥ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

ሁለተኛው፣ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ኤስ ሲ ሲ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሲወጣ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ በጨረርና በኬሞቴራፒ ጊዜ ደግሞ ዕጢው እየከሰመ ሲሄድ አብሮ ይቀንሳል።

ሦስተኛው፣ በክትትል ጊዜ ካንሰሩ ከተመለሰ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው። አንዲት ታካሚ ሕክምና ከመጀመሯ በፊት ኤስ ሲ ሲዋ 14 ነበር። በሕክምናው መካከል 5፣ ከጨረሰች ከ3 ወር በኋላ 1.0 ሆነ። በ6ኛው ወር 1.2፣ በ9ኛው ወር 2.8፣ በ12ኛው ወር 6.1 ሆነ እንበል። 1.0 እና 1.2 መካከል ያለው ልዩነት ምንም ማለት አይደለም። 2.8 ግን መታለፍ የለበትም፤ ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዲደገም ያዛል፣ ታካሚዋንም በደንብ ይመረምራል። ተደግሞ አሁንም ከፍ ካለ ሲቲ ስካን ወይም ሌላ ምስል ያስፈልጋል፤ የሚቻል ከሆነም ካንሰሩ መመለሱ እንደገና በባዮፕሲ ይረጋገጣል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነጠላ ቁጥርን ሳይሆን አካሄዱን ማየት እንደሚገባ ነው።

አካሄዱን ለማየት ደግሞ ምርመራው ከተቻለ በአንድ ላብራቶሪ መሠራት አለበት፤ የየመሣሪያው አለካክ ስለሚለያይ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል። የቆዩ የውጤት ወረቀቶችን ሁሉ በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ በቀጠሮ ቀንም ይዘው ይሂዱ። በመነሻው ጠቋሚው ከፍ ብሎ ያልነበረ ከሆነ ግን በክትትል ጊዜ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

አንድ እውነት መጨመር ይገባል። ካንሰሩ መመለሱን በጠቋሚ ቀድሞ ማወቅ ዕድሜን እንደሚያራዝም በግልጽ አልተረጋገጠም። በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ለሁሉም ታካሚ ግዴታ አላደረጉትም። ምርመራው በየከተማው የማይገኝና ውድም ስለሆነ፣ አቅም ባይፈቅድ ታካሚዋ «ሕክምናዬ ጎደለ» ብላ ልታዝን አይገባትም። የማይቀረው ነገር የክትትል ቀጠሮ ነው። ካንሰሩ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወር፣ ከዚያ እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወር በሐኪም መታየት የተለመደ ነው።

ርካሽ ሆነው እጅግ የሚያስፈልጉ የደም ምርመራዎች

ብዙ ሰው ስሙ ትልቅ የሆነውን ምርመራ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ የማኅፀን በር ካንሰር ላለባት ሴት ከጠቋሚዎቹ ሁሉ ይልቅ የሕክምናውን አቅጣጫ የሚወስኑት እነዚህ ሦስት ቀላል ምርመራዎች ናቸው።

ሄሞግሎቢን፦ ለወራት ደም የፈሰሳት ሴት የደም ማነስ ይኖርባታል። የደም ማነስ ሕክምናውን ያከብደዋል፤ የጨረር ሕክምናም ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ክሪያቲኒን፦ ይህ የኩላሊትን ሥራ ያሳያል። ካንሰሩ ወደ ጎን ሲስፋፋ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ሊዘጋ ይችላል። ይህ ደግሞ የታካሚዋን የካንሰር ደረጃ ይለውጣል። ከጨረር ጋር አብሮ የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒትም ኩላሊትን የሚጎዳ ስለሆነ ያለዚህ ምርመራ አይጀመርም። ቀደም ሲል እንዳልነው ኩላሊት ሲደክም ኤስ ሲ ሲም ስለሚጨምር፣ ክሪያቲኒኑ ሳይታወቅ የጠቋሚውን ቁጥር መተርጎም አይቻልም።

የኤች አይ ቪ ምርመራ፦ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ነው። መድኃኒታቸውን በሥርዓት የሚወስዱ ከሆነ ሕክምናውን የመቋቋም አቅማቸው ይሻሻላል።

በጉባኤያችን መካከል

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት በብዛት የቤተ ክርስቲያን አባላት እንደመሆናቸው ሁለት ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፉ ይጎድላል።

የመጀመሪያው እፍረት ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ለአሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት ታሪክ አለ። ሴቲቱ የመጣችው በሕዝቡ መካከል ተደብቃ፣ ከኋላ ነበር። ዛሬም እናቶቻችንና እህቶቻችን ስለዚህ ሕመም የሚናገሩት ከኋላ፣ በሹክሹክታ ነው። አንዳንዱም «ከግንኙነት የሚመጣ ነው» ሲባል ሰምቶ በታማሚዋ ወይም በባልዋ ላይ ጣቱን ይቀስራል። ይህ ስሕተት ነው። ቫይረሱ በጣም የተስፋፋና ለዓመታት ያለ ምንም ምልክት የሚቆይ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የገባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማንም ታማኝነት ላይ ማስረጃ ተደርጎ ሊቀርብ አይችልም።

ሁለተኛው ሕክምናን ማቋረጥ ነው። ከተጸለየላቸው በኋላ የደም ጠቋሚያቸው ወርዶ ወይም መደበኛ ሆኖ ሲያገኙት ጨረሩን ወይም ቀጠሮውን የሚተዉ አሉ። ቁጥሩ መውረዱ ደስ ያሰኛል፤ ምስጋናም ይገባል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ካንሰር እያለ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። መዳንን በዚህ ቁጥር ላይ ማቆም ቁጥሩ የማይሸከመውን ማሸከም ነው። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ሐኪሙ «ጨርሰሻል» እስኪል ድረስ ሕክምናውን መቀጠል እምነት ማጣት አይደለም።

ማኅበረ ምእመናንም ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። የሴቶች አገልግሎት በዓመት አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያ ነርስ ጋብዞ ቢያስተምር፣ ወደ ጅማ ለምትሄድ ታካሚ የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ ቢዋጣ፣ አብራት የምትሄድ እህት ብትመደብ፣ ሕክምናው ሳይቋረጥ ይፈጸማል። ጨረር ሳምንታት የሚወስድ ሕክምና ስለሆነ ብዙዎችን የሚያስቀራቸው ሕመሙ ሳይሆን የማደሪያ እጦት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባልነትም በጤንነት ጊዜ ታስቦበት ቢታደስ በመከራ ቀን ይደርሳል።

ለሴት ልጆቻችን ደግሞ ክትባቱ አለ። በኢትዮጵያ የኤች ፒ ቪ ክትባት በመላ አገሪቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። ከዚያ በፊት በሙከራ ከተሰጠባቸው ወረዳዎች አንዱ ከእኛ ብዙም የማይርቀው የጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አንድ ጊዜ መከተብ በቂ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ክትባቱ ልጅን መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ለሐኪምዎ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች

• የማኅፀን በሬ በዓይን ታይቷል? ባዮፕሲ ያስፈልገኛል?
• የፓቶሎጂው ውጤት የትኛው ዓይነት ነው፣ ስኩዌመስ ወይስ አዴኖካርሲኖማ?
• ደረጃው ስንት ነው?
• ሄሞግሎቢኔና ክሪያቲኒኔ ስንት ነው?
• ጠቋሚ ያዘዙልኝ ለምንድን ነው? ውጤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ሕክምናዬን ይለውጠዋል?
• ቀጣዩ ቀጠሮዬ መቼ ነው?

አምስተኛው ጥያቄ በተለይ ብዙ ወጪ ያድናል። ውጤቱ ምንም የማይለውጥ ከሆነ ምርመራውን ማዘግየት ይቻላል።

በመጨረሻም

ወደ መጀመሪያዋ እናት እንመለስ። ልጃቸው ያን ቀን በስልክ «እማዬ፣ የደም ምርመራ አድርጊ» ከማለት ይልቅ «እማዬ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂና የማኅፀን በርሽን ይዩልሽ፤ እኔም መጥቼ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብትላቸው ኖሮ ወራት አይባክኑም ነበር። ውድ አንባቢ፣ እርስዎም እናት፣ እህት ወይም ሚስት ካለዎት ይህን አንድ ነገር ይንገሩልን። ደም ካየች፣ በተለይም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ካየች፣ መደበኛ የደም ውጤት በእጇ ቢኖርም እንኳ ትመርመር። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ፣ የሚያይላት ባለሙያ ወዳለበት ትሂድ። ዛሬ ደውለው ይጠይቋት፤ እርስዎ ካልጠየቋት እርሷ ቀድማ ላትናገር ትችላለች።

ጤናና ሰላም ለቤትዎ ይሁን።